ሁለት ዙር ወደ ታች

እኛ ባጃጅ የምንላት ርክሻ የሳጃና ሰፈርን መንገድ ለቃ ካርቱም ሁለት ወደሚባለው ሰፈር ስትታጠፍ፣ ኑሲባ በእናቷ ቶብ፣ በሱዳን ሴቶች መጎናጸፊያ፣ የጠቀለለችውን ረጅም ነገር እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጇ ደግፋ ይዛ ነበር። ሹፌሩ ጥጋቡ ጉድጓድ ሲያይ ይዘላል፣ ጉድጓድ ሳያይም ይዘላል። በዘለለ ቁጥር እሷ ጥቅሉን ከጉልበቷ ላይ ከፍ ታደርገዋለች፤ መንገዱ ሲረጋጋ መልሳ ታሳርፈዋለች።

«ሸዋይ ሸዋይ፣ ቀስ በል ጥጋቡ! ድንች አይደለም የጫንከው።»

«ወላሂ ድንች ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ድንች የያዘ ሰው እንዲህ አይቆጣም።»

ጥጋቡ ከመተማ መጥቶ ሳጃና ከተቀመጠ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ጦርነቱ ፈንድቶ ሰው ሁሉ ሲወጣ እሱ «ርክሻዬን ለማን ጥዬ?» ብሎ ቀረ። ሁለት ጊዜ ተዘረፈ፤ ርክሻዋን ግን ፈታትቶ ጎማዋን አንድ ጣሪያ ላይ፣ ሞተሯን ሌላ ጣሪያ ላይ ደብቆ አተረፋት። አሁን በኅዳር 2018፣ ሰው በጥቂት በጥቂቱ ወደ ከተማው ሲመለስ፣ ያቺው ርክሻ ባለቤቷን መልሳ መመገብ ጀምራለች። ዜናውን ለኑሲባ ያመጣላትም እሱ ነው። ከተዘረፉ ቤቶች የተገኘ ዕቃ በሚከማችበት ግቢ ውስጥ፣ ከግድግዳ ተደግፎ የቆመ፣ የአባቷን የሚመስል ሰዓት አይቷል። እሷም በማግስቱ ሄዳ አየችው። የሚመስል አልነበረም፤ ራሱ ነው።

በቶቡ የተጠቀለለው የዚያ ሰዓት ፔንዱለም ነው። አባቷ ሳላሕ በዐረብኛ ረቃስ ይለው ነበር፣ ጨፋሪው ማለቱ ነው። አንድ ሜትር ገደማ የሆነ የብረት ዘንግ፣ ከታች መዳፍ የሚያህል የናስ ሳህን፣ ከሳህኑ ሥር ደግሞ ሳህኑን ከፍና ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ዳዶ። ሳላሕ ካርቱም ሁለት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሰዓት ጠግኗል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን የሱቁ ሰዓት ሁሉ የሚስተካከለው በዚህ አንድ የግድግዳ ሰዓት ነበር። ዑድ መደርደር የሚማር ጎረቤት እንኳ ጣቶቹን ከምቱ ጋር ሊያስማማ መጥቶ በሩ ላይ ይቀመጥ ነበር።

በ2015 ሰኔ፣ ጦርነቱ በተጀመረ በሁለተኛው ወር፣ ኑሲባና እናቷ ፋሪሃ በመከራ አውቶቡስ ሲያገኙ ሳላሕ ሰዓቱንም ሊጭንላቸው ፈልጎ ነበር። ሹፌሩ «ሰው ልጫን ወይስ ሳጥን?» አለው። ሳላሕ ወደ ሱቁ ተመልሶ ፔንዱለሙን ብቻ ፈትቶ አመጣና በመስኮት ለልጁ ሰጣት። «ይሄ ካንቺ ጋር ከሆነ ሰዓቱ ለማንም አይሠራም። ለማንም የማይሠራ ነገር ደግሞ አይሰረቅም» አላት። ስለ ሰዓት ሁሉንም የሚያውቅ ሰው ስለ ሌባ ግን ምንም አያውቅም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሱቁ በር ላይ የከባድ መሣሪያ ጥይት ወደቀ። ጎረቤቶቹ ሳላሕን እዚያው ሰፈር መስጊድ ግቢ ቀበሩት። ልጁ ወሬውን የሰማችው በእናቷ አገር ደሴ ሆና ነው።

ከአባቷ የተረፋት ይህ ሰዓት ብቻ ነው። ሌላው ተቃጥሏል ወይም ተወስዷል። ስለዚህ ዛሬ ወደዚያ ግቢ የምትሄደው ልትለምን አልነበረም፤ የራሷን ልታመጣ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ከአባቷ በተማረችው የሰዓት ጥገና ማንንም አትፈራም፤ ይህንንም ከፊቷ ማንበብ ይቻላል።

«ሌላ ሰው ጠይቆታል አሉ እኮ» አለ ጥጋቡ ግቢው በር ላይ ሲያቆም።

«ይጠይቃ! ሰዓቱ ራሱ ይመልስለታል።»

ግቢው ድሮ መጋዘን ነበር። አሁን በር የሌለው ፍሪጅ፣ ፍሪጅ የሌለው በር፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የሆስፒታል አልጋ፣ የሙሽራ ወንበር ሁሉ ተደርድሮ ባለቤት ይጠብቃል። ከኒም ዛፍ ሥር የብረት ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ኋላ ራእድ ናዲር፣ በእኛ አጠራር ሻለቃ ናዲር መሆኑ ነው፣ የፊቱን ላብ በመሐረብ እየጠረገ ቅጽ ይፈርማል። ሰው ሁሉ «ጀናቡ» ይለዋል። ጢሙን የተላጨ፣ ድምፁን የማያነሣ፣ በቀን ሦስት መቶ ሰው «የኔ ነው» ሲለው የሚውል መኮንን ነው።

ከጎኑ ወንበር ላይ ሐጅ ኢክሪማ ተቀምጠዋል። ነጭ ጀላቢያቸው ከግቢው አቧራ ጋር የተጣላ ይመስል አንድም ነጥብ የለበትም፤ ጥምጥማቸውም ገና አሁን የታሰረ ነው የሚመስለው። ሀብታሞች የሚኖሩበት የአል-ማንሺያ ሰፈር ሰው ናቸው፤ እህል ነግደው ጡረታ የወጡ። ጉልበታቸው ላይ በቆዳ ከረጢት ያለ ረጅም ነገር አስቀምጠዋል። ኑሲባ አንዴ አይታ ምን እንደሆነ አወቀች። ሰውየውም ፔንዱለም ይዘው መጥተዋል።

ከዚህ በኋላ የተባለው ሁሉ በዐረብኛ ነው።

«ይሄ ሰዓት የአባቴ ነው፣ ጀናቡ» አሉ ሐጁ። «አርባ ዓመት ሳሎናችን ውስጥ ቆሟል። ዘራፊዎቹ ሲጎትቱት ይሄ ወድቆ ቀረ።» ከረጢቱን ፈቱት። ሳህኑ ወርቅ የተቀባ፣ አበባ የተቀረጸበት፣ ከባድ ነበር።

«ይሄ ሰዓት የአባቴ ነው፣ ጀናቡ» አለች ኑሲባም። «አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤ እኔም ነኝ፤ ፔንዱለሙን ፈትቶ በእጁ ሰጥቶኛል።» ቶቡን ፈታችው። የእሷ ሳህን አበባ የለውም፤ ጠርዙ ላይ ጠቋቁሯል።

ራእድ ናዲር ሁለቱንም በተራ አነሣ። «ወረቀት አላችሁ?»

ሁለቱም ወረቀት አልነበራቸውም። የእሷ ከሱቁ ጋር ተቃጥሏል፤ የእሳቸው ከሳሎኑ ጋር ጠፍቷል። ፎቶ ያለበት ስልክ ደግሞ የሁለቱም ተወስዷል።

«ሰዓት ጠጋኝ ከሆነ አባትሽ ስሙን ውስጡ አልጻፈም?»

«ሰዓት ሆድ ውስጥ ስሙን የሚጭር ጠጋኝ አባቴ ይንቅ ነበር።»

መኮንኑ የሐጁን ፔንዱለም በእጁ መዘነ። «ይሄኛው ይከብዳል። ለትልቅ ሰዓት የሚሆን ከባዱ ይመስለኛል።»

ኑሲባ ሳትፈልግ ሣቀች። ከዚያ ደግሞ መኮንን ፊት መሣቋን አሰበችና አፏን በእጇ ያዘች። «ጀናቡ ይቅርታ። ክብደት እዚህ ውስጥ አይገባም፤ የሚቆጥረው ርዝመት ነው። ገመድ አለ?»

ጥጋቡ ርክሻዋ ላይ ዕቃ የሚያስርበትን ገመድ ሰጣት። እኩል አድርጋ ሁለት ቦታ ቆረጠችው። በአንደኛው የርክሻ ዳዶ፣ በሌላኛው የግቢውን ትልቅ ቁልፍ አንጠለጠለች፤ እስከ ዕቃዎቹ መሐል ድረስ እኩል እንዲሆኑ ገመዱን አሳጠረችና ሁለቱን ከኒሙ ቅርንጫፍ ጋር አሰረች፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ለቀቀቻቸው። ዳዶና ቁልፍ አብረው ሄዱ፣ አብረው ተመለሱ። ቅጽ ሊያስሞሉ የተሰለፉት ሰዎች ሰልፋቸውን ትተው ዙሪያውን ቆሙ።

«ማሻአላህ! አንዱ አንዱን አይቀድመውም» አለ አንድ ወታደር።

«አሁን ተመልከት።» የቁልፉን ገመድ ሦስት ጣት አሳጠረችው። እንደገና ለቀቀቻቸው። ለጥቂት ጊዜ አብረው የሄዱ መሰሉ፤ ከዚያ ቁልፉ እየቀደመ ሄደ፤ ቆይቶም አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመለስ ጀመር። «የሐጁ ፔንዱለም ከኔ በሦስት ጣት ያጥራል፣ ጀናቡ። ይህ ሰዓት የተሠራው በአንድ ምት አንድ ሰከንድ እንዲቆጥር ነው። የእሳቸውን ስቀሉበት፤ ይሮጣል። የኔን ስቀሉበት፤ ልክ ይሆናል። ሌላ ዳኛ አያስፈልግም።»

ራእድ ናዲር ቅጾቹን ወደ ጎን ገፋ። ሦስት መቶ ቅጽ በሚሞላበት ቀን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው የመጀመሪያው መሆን አለበት፤ ኑሲባ ዓይኑ ላይ ደስታ አየች። «ጠይብ፣ ይሁን» አለ። «የሐጁ ይቅደም።»

ሰዓቱን ወደ ቢሮው አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ኑሲባ ጆሮዋን አስጠግታ፣ ቀጭታው ግራና ቀኝ እኩል እስኪሆን ድረስ ሳጥኑን በጣቷ እየገፋች አቀናችው። ሰዓቱን የሚያስኬደውን ክብደት ጠምዝዛ ወደ ላይ አወጣችውና የሐጁን ፔንዱለም በክብር ሰቀለችው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ቀትር ላይ ተመልሰው ከመኮንኑ ስልክ ጋር ሲያስተያዩት ሰዓቱ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ቀድሟል።

«ሰዓቱ ታሟል!» አሉ ሐጅ ኢክሪማ። «ዘራፊ የጎተተው ሰዓት እንዴት ጤና ይሆናል?»

«ዳዶውን እስከ መጨረሻው ባወርደውም አይድንም፤ ሦስት ጣት አይወርድም» አለች ኑሲባ።

«የሷ ይሰቀል» አለ መኮንኑ። «እስከ ነገ ቀትር። በሩን እኔ አሽጋለሁ። የሷም ካልሠራ፣ ሐጁ እንዳሉት ሰዓቱ ታሟል ማለት ነው፤ ማስረጃ የለም፤ ወደ መንግሥት መጋዘን ይገባል።»

እዚህ ላይ ኑሲባ ዝም ብትል ኖሮ ምንም አልነበረም። ግን አባቷ በዚያ ሰዓት ልክነት የሚምል ሰው ነበር፤ እሷም ልጁ ናት። «ጀናቡ፣ የኔ በቀን ከአምስት ሰከንድ በላይ ከተሳሳተ ይገባኛል አልልም። እፈርማለሁ።»

«ኑሲ!» አለ ጥጋቡ ከበሩ ላይ በአማርኛ። «ምን አስለፈለፈሽ?»

«አውቀዋለሁ» አለችው። ኦርኒክ በሚሉት ቅጽ ጀርባ ላይ ጻፈች፤ ፈረመች። ፔንዱለሙን ሰቀለች፤ ሰዓቱን ከስልኩ ጋር በሰከንድ አስተካከለች፤ በሩ ታሸገ። ያን ሌሊት ሳጃና ባለው ቤታቸው፣ ግማሹ ጣሪያ በተረፈው ክፍል ውስጥ፣ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

በማግስቱ ቀትር ራእድ ናዲር እሽጉን ቀደደ። ስልኩን ከሰዓቱ ፊት ያዘ። ኑሲባ ወደ ሰዓቱ ሳይሆን ወደ መኮንኑ ፊት ነበር የምታየው፤ ሰዓቱን ምንም አልጠረጠረችውም። ፊቱ ሲጨማደድ አየች።

«ሠላሳ ሦስት ሰከንድ» አለ። «ቀድሟል።»

«አይሆንም።»

«ራስሽ እይው።»

አየችው። ደግማ አየችው። የሰከንዱ ቆጣሪ ከስልኩ ሠላሳ ሦስት ሰከንድ ቀድሞ፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው እየተራመደ ነበር። አባቷን ያሳፈረችው መሰላት፤ ሌላ ምንም አላሰበችም። በሕይወቱ ለማንም ያልዋሸበትን ሰዓት እሷ በአንድ ፊርማ አስወሰደችው።

«ይኸውላችሁ!» ሐጁ ተነሡ። «ታሟል አላልኩም? ደግሞስ ጀናቡ፣ ይቺ ልጅ ሰዓት ሠሪ ነኝ ብላለች። ሰዓቱን ቀድማ መጥታ አይታዋለች። ሰዓት ሠሪ ለየትኛውም ሰዓት ዘንግ ቆርጦ መግጠም ያቅተዋል? ይህ ቆርጣ ያመጣችው ነው፤ ጥቂት ሳተች እንጂ!»

ይህ ሞኝ ሰው የሚናገረው አልነበረም፤ ኑሲባም ታውቀዋለች። መኮንኑ ቅጹን ገልብጦ ፊርማዋን አያት። «ቃልሽ ነው» አላት፤ ደስ ያለው አይመስልም ነበር። «እኔ የምፈርደው በተጻፈው ነው።»

«አንድ ጊዜ ልየው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጀናቡ።»

ፔንዱለሙን አወረደችው። ከኪሷ የአባቷን ማጉያ መነጽር አውጥታ ዓይኗ ላይ አደረገችና ዘንጉን ገልብጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ዘንጉ ጀርባ ላይ አባቷ በመርፌ የጫራቸው ሁለት መስመሮች አሉ። በመሐላቸው ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ያለ መነጽር አንድ መስመር ይመስላሉ። ከታችኛው ጎን በዐረብኛ ካርቱም ይላል። ከላይኛው ጎን በአማርኛ ፊደል፣ በልጅ እጅ የተጻፈ በሚመስል ጽሑፍ፣ ደሴ ይላል። አባቷን ያንን ፊደል ያስጻፈችው እናቷ ናት።

የሳህኑ ጫፍ የቆመው በላይኛው መስመር ላይ ነበር።

ኑሲባ መነጽሯን አወረደች። ዳዶውን ማንም አይነካም። ይህ የቤታቸው ሕግ ነው፤ ሳላሕ ከሞተ በኋላ ከሷ ሌላ የሚነካው የለም። ስለዚህ ከደሴ ስትመጣም፣ እዚህ ስትሰቅለውም አላየችውም። ማየት ነበረባት። ደሴ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እናቷ ቤት ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች መንዙማ ሲለማመዱ እየገፉ ያወዛውዙትና በምቱ ያጨበጭቡ ነበር። ልጆቹ ግን ዳዶውን ልክ መስመሩ ላይ ሊያቆሙት አይችሉም። ልክ መስመሩ ላይ ማቆም የሚችል ከሷ ሌላ አንድ ሰው ብቻ አለ።

«ጀናቡ» አለች። «ሰዓቱ አልታመመም። ደሴ ነኝ ብሎ ነው የሚቆጥረው።»

«ምን?»

«ይህ ሰዓት የአያቴ ነበር። ሀሰን ይባላል፤ ደሴ ልብስ ሰፊ ነበር። አባቴ እናቴን ሊያገባ ሲሄድ አንድ ወር ተቀምጦ በሬዲዮ የሰዓት ድምፅ አስተካከለው፤ ልክ ሆነ። አያቴ ለሙሽሮቹ ሰጣቸው፤ በመተማ በጭነት መኪና አምጥተው እዚህ ሰቀሉት። እዚህ ሲመጣ በየቀኑ ግማሽ ደቂቃ ይቀድም ጀመር። አባቴ መጀመሪያ መኪናው ነው የጎዳው አለ። በኋላ ገባው። ደሴ ተራራ ላይ ናት፤ መሬት ከዚያ ከፍታ ላይ ፔንዱለሙን የምትስበው ትንሽ ቀለል አድርጋ ነው። ካርቱም ዝቅ ያለ ነው፤ እዚህ ጠንከር አድርጋ ትስበዋለች፤ ስለዚህ ይፈጥናል። ሳህኑን ሁለት ዙር ወደ ታች ቢያወርደው፣ ዘንጉ ያችን ያህል ረዘመና ልክ ሆነ።»

«መሬት ደግሞ ይስብ ጀመር!» አሉ ሐጁ ወደ ወታደሮቹ እያዩ። «ካርቱም ላይ ይበረታል፣ ደሴ ላይ ይደክማል! ጀናቡ፣ ይህን ልትጽፉ ነው?»

አንድ ሁለት ወታደሮች ሣቁ። ራእድ ናዲር አልሣቀም። «ስለ መሬቱ ያልሽው ልክ ነው፤ መድፈኛ ክፍል ሳለሁ ተምሬዋለሁ» አለ። «ግን ሁለቱን መስመሮች ማታ ቤትሽ ልትጭሪያቸው ትችያለሽ። ለምን አምናለሁ?»

«ያዞረችው እናቴ ናት። ደሴ ናት። ሰዓቱ መገኘቱን አታውቅም።»

«ለምን አልነገርሻትም?»

እናቷ ወደ ካርቱም እንዳትመለስ ለምናታለች፣ ተቆጥታለች፣ የመሄጃዋ ቀን ሳትሰናበታት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። «ባይሰጠኝ አባቴን ሁለት ጊዜ ቀብሬ እንዳላሳያት» አለች ኑሲባ።

መኮንኑ እጁን ዘረጋ። «ስልክሽን ስጪኝ። አንቺ አትናገሪ። ድምፅሽን ብሰማ ቅጹን እዘጋለሁ።»

ስልኩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ጠራ፣ ጠራ። ጥጋቡ በሩ ላይ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር፤ ዱዓ ይሁን ስድብ አይታወቅም።

«ኑሲ?» አለች ፋሪሃ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ኻልቲ። ከካርቱም ነው የምደውለው፤ ራእድ ናዲር እባላለሁ። ልጅሽ ደኅና ናት፤ አጠገቤ ናት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ።»

ፋሪሃ ሠላሳ አምስት ዓመት ካርቱም ኖራለች፤ ከዚያ ውስጥ ስድስቱን አል-ማንሺያ ሰው ቤት ሠርታ ነው። መኮንን እንዴት እንደሚመለስለት ታውቃለች። «ዓለይኩም ሰላም፣ ጀናቡ። ደኅና ካሉኝ ይጠይቁ።»

«ልጅሽ ይዛው የመጣችውን ረቃስ ነክተሽዋል?»

ኑሲባ የእናቷን ትንፋሽ ትሰማ ነበር። ትክዳለች ብላ ፈራች፤ እናቷ ያደረገችውን የምታምን ሴት አይደለችም።

«ነክቼዋለሁ» አለች ፋሪሃ። «ዳዶውን ሁለት ዙር ወደ ላይ አዙሬዋለሁ። ሳላሕ አላህ ይማረውና እንዳስተማረኝ፣ ደሴ የሚለው መስመር ላይ። ምነው?» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ቆይ ጀናቡ። ይሄን የሚጠይቅ ሰው ሰዓት ላይ የሰቀለው ሰው ነው። ሰዓቱ ተገኝቷል?»

መኮንኑ ስልኩን ወደ ራሱ አስጠጋው።

«ሰዓታችን ላይ ሰቅላችሁት ከሆነ ቀድሟል» አለች ፋሪሃ፤ አሁን ትቸኩል ነበር። «በቀን ሠላሳ፣ ሠላሳ ሦስት ሰከንድ ይቀድማል። ከሠላሳ አምስት አያልፍም። የተጋባን ዓመት ባሌ ለአንድ ወር በየቀኑ እየጻፈ ምግብ አልበላ ብሎኝ ነበር፤ ቁጥሩን እኔ በቃሌ ነው የያዝኩት። ልጄን አትቆጧት። አታውቅም። እኔ ነኝ።»

ሐጅ ኢክሪማ ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ራእድ ናዲር ብዕሩን አንሥቶ ኑሲባ የፈረመችውን ገጽ ከላይ እስከ ታች በመስመር ሰረዘውና ከሥሩ ሁለት መስመር ጻፈ። ማኅተሙን ሲመታ ጠረጴዛው ተናጋ። «ኸላስ» አለ። «ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ ይህን ሰዓት በሰከንድ የሚያውቅ ሰው ባለቤቱ ነው።»

ጥጋቡ እልል አለ። ወንድ እልል ይላል ወይ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ሐጁ ያንን ሁሉ አልሰሙም። የተቀባ ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጣታቸው አበባውን ይከተላሉ። «ወላሂ አልዋሸሁም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ያው መስሎኝ ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ እንድነካው አይፈቅድልኝም ነበር፤ በደንብ አይቼው አላውቅም።»

ኑሲባ ማሸነፏን ረሳች። አጠገባቸው ተንበርክካ ፔንዱለማቸውን ከማንጠልጠያው እስከ ሳህኑ መሐል በክር ለካችው፤ ክሩን ቆርጣ ቋጠረችና እጃቸው ላይ አደረገችው። «የእርስዎ ሰዓት ከዚህ ትንሽ አጠር ይላል፣ ሐጅ። ግቢ ለግቢ ሲፈልጉ ሳጥኑን በዚህ ክር ይለኩ። ሲያገኙት ሳጃና ይምጡ፤ ጥገናው በኔ።» ሽማግሌው ክሩን እንደ ውድ ነገር አጥፈው ጀላቢያቸው ኪስ ከተቱት።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ አሁንም ክፍት ነበር። ኑሲባ አነሣችው።

«እማ።»

«አንቺ ልጅ» አለች ፋሪሃ በአማርኛ። ታለቅስ ነበር። «ወላሂ ላስቸግርሽ ብዬ አይደለም። በመሄጃሽ ዋዜማ ማታ አዞርኩት። የደሴ ከሆነ ትመለሳለች ብዬ። የሞኝ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ።»

«ልታስቀሚኝ ነበር፣ እማ። ደግሞ አስመለስሽልኝ።»

«አሁን ምን ልታደርጊ ነው?»

ኑሲባ ፔንዱለሙን ግራ ክንዷ ላይ አጋድማ ዳዶውን በሁለት ጣት ያዘች። አንድ ዙር ወደ ታች አዞረች። ሁለተኛውን ስትጨርስ በመነጽሯ አየችው፤ የሳህኑ ጫፍ ካርቱም በሚለው መስመር ላይ ቆሟል። ሰቀለችው፤ በጣቷ ነካ አድርጋ ለቀቀችው፤ ስልኩን ወደ ሳጥኑ አስጠጋች። ቀጭ አለ። ቀጭ አለ። ፋሪሃ አዳመጠች።

«ወደ ታች አዞርሽው» አለች በመጨረሻ።

«ሁለት ዙር።»

«እንግዲያው አትመለሺም።»

«አልመለስም፣ እማ። ሱቁን እከፍታለሁ።»

ሰዓቱ ሰባት ስምንት ጊዜ ቀጭ አለ። ኑሲባ ስልኩ የተዘጋ መስሏት አየችው፤ አልተዘጋም።

«የሳጃናው ቤት» አለች ፋሪሃ፤ «ጣሪያ አለው?»

«ግማሹ አለው።»

«ግማሹ ይበቃናል» አለች እናቷ። «ለጥጋቡ ንገሪው፤ ከመተማ ወደናንተ አውቶቡስ መቼ እንደሚነሣ ይጠይቅልኝ።»